በጎንደር ርካሽ ነገር ግን ብዙ ጥገና የሚሻ አሮጌ ቤት ልግዛ ወይስ ልተው?

የማራኪው መምህር

ሰላምታዬን አስቀድሜ ምክራችሁን ልጠይቅ መጥቻለሁ። ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና በዕድሜ ከገፉት እናቴ ጋር በማራኪ በኪራይ የምንኖር ነን። አከራዮቻችን ጨዋ ሰዎች ቢሆኑም ኪራዩ በየጊዜው እየናረ ከሁለት የመምህር ደመወዝ ጋር የሚመጣጠን አልሆነም። በዚህ መካከል አንድ ደላላ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ወደ አንገረብ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የሚገኝ አሮጌ ቤት አሳየን። የይዞታው ስፋት 160 ካሬ ሜትር ነው፤ የተጠየቀው ዋጋ 1.8 ሚሊዮን ብር ሲሆን፣ በዚያው አካባቢ ደኅና ናቸው ተብለው ለሽያጭ ከቀረቡት ቤቶች ጋር ሲተያይ እጅግ ዝቅ ያለ ነው።

ቤቱን በዝርዝር ልግለጽ። የፊተኛው ክፍል እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ሆኖ ከዚያ በላይ እንጨትና ጭቃ ነው። የኋለኛው ክፍል ከጊዜ በኋላ የተቀጠለ፣ በባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፤ አሸንዳ የለውም። የኋለኛው ክፍል ኮርኒስ አቡጀዲ ሲሆን ቡናማ የውሃ ምልክት ክብ ክብ ሠርቶ ይታይበታል፤ በተለይ በኋላው ግድግዳ በኩል ምልክቱ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቧል። የዚያው ግድግዳ ልስን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ አብጦ በእጅ ሲነካ ይረግፋል። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅም አለ፤ ሳንቲም በጠርዙ ያስገባል። መብራቱ የራሱ ቆጣሪ ያለው ሲሆን ውሃው ግን ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው።

ሻጩ ቤቱ ከአባታቸው በውርስ የተላለፈ መሆኑን ነግረውኛል፤ ካርታው ግን አሁንም በሟች አባታቸው ስም ነው። አራት ልጆች ሲሆኑ ሻጩ ታላቁ ናቸው፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ውጭ አገር ይኖራሉ፤ ታናሽ እህታቸው ደግሞ በዚያው በኋለኛው ክፍል ትኖራለች።

ቁጠባችን፣ እቁባችንና ወንድሜ ሊያበድረኝ የፈቀደው ገንዘብ ተደምሮ ዋጋውን ይሸፍናል፤ ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። ባለቤቴ በልጆቹ ምክንያት ልቧ ወደ መግዛቱ አዘንብሏል። እኔ ግን ይህን ያህል የረከሰበትን ምክንያት ሳላውቅ ፊርማዬን ማኖር አልፈለግሁም። ምን ብመረምር፣ ማንንስ ብጠይቅ ይበጀኛል?

ግንበኛ ከአዘዞ

መምህር፣ ቤቱን በደንብ አይተውታል። እርስዎ የዘረዘሩት ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመለክታል፤ እርሱም ውሃ ነው። አሸንዳ በሌለው ጣሪያ ላይ የወረደ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሁሉ ከግድግዳው ሥር ይወድቃል። ቤቱ ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ደግሞ ከላይ ከጎረቤት የሚመጣው ጎርፍ ከኋላው ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ግድግዳው ከሥር እርጥበት ስለሚስብ ልስኑ ያብጣል፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው ቋሚ እንጨትም ይበሰብሳል።

ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይፈትሹ። የመጀመሪያው ቋሚዎቹ ናቸው። የረገፈውን ልስን በሻጩ ፈቃድ ትንሽ ገለጥ አድርገው፣ እንጨቱን ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ባለው ቦታ በረጅም ምስማር ይውጉት። ምስማሩ ያለ ብዙ ጉልበት ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል ማለት ነው። ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ ባዶ የሆነ ቋሚ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ስለዚህ በአንድ ቦታ ብቻ ፈትሸው አይርኩ።

ሁለተኛው ስንጥቁ ነው። ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል ወይስ ከታች ሰፍቶ ከላይ ይጠባል? ከላይ የሰፋ ከሆነ በአብዛኛው የግድግዳው አንዱ ጫፍ እየሰመጠ ነው። ስንጥቁ የቆየ መሆኑን ወይም አሁንም እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ በሁለት ቦታ ላይ ስስ የጀሶ ልጥፍ ያድርጉበት፤ ቀኑንም በእርሳስ ይጻፉበት። ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ጀሶው ራሱ ይሰነጠቃል። ይህ ጊዜ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ በበጋ ብቻ ታይቶም አይበቃም።

ሦስተኛው አፈሩ ነው። እኛ በአዘዞ ሜዳ ላይ ስንሠራ የሚያስቸግረን ዋልካው ነው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውንም ቤት በየዓመቱ አንሥቶ ያወርዳል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ያለን ስንጥቅ ልስን አይዘጋውም። የእርስዎ ቦታ ቁልቁለት ስለሆነ ዓለቱ ቅርብ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከግድግዳው አጠገብ አንድ ጉድጓድ አስቆፍረው መሠረቱ ምን ላይ እንዳረፈ በዓይንዎ ይዩ።

የሥላሴ ሰፈር ተወላጅ

የተባለው ቁልቁለት ያደግሁበት ነው። መሬቱ ከላይ ቀይ አፈር ሆኖ ብዙ ሳይቆፈር ድንጋይ ይገኛል፤ በዚህ በኩል ሥጋት አይግባዎት። ሥጋት የሚገባው በጎርፉ ነው። የቀድሞዎቹ አባወራዎች ከቤታቸው በስተላይ ቦይ ቆፍረው ውሃውን ወደ ጎን ያስወጡት ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ቦዮች በአጥር ተዘግተዋል ወይም በቆሻሻ ተደፍነዋል። የመኪና መንገዱ እስከ ቤቱ ደጅ ይደርሳልን? ካልደረሰ ድንጋይና አሸዋ በሸክም ወይም በአህያ ስለሚገባ ወጪውን ቀድመው ይገምቱ።

የሕግ ባለሙያ

ውድ መምህር፣ የግድግዳውን ነገር ለግንበኛው ትቼ ስለ ወረቀቱ ልጻፍ፤ በእኔ እምነት ከስንጥቁ ይልቅ የሚያሳስበው ካርታው በሟች ስም መሆኑ ነው። ሻጩ የሚሸጡት የራሳቸውን ድርሻ እንጂ የወንድሞቻቸውንና የእህታቸውን ድርሻ ሊሆን አይችልም። በመጀመሪያ ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ መኖር አለበት፤ ከዚያም ስመ ሀብቱ ወደ ወራሾቹ ሁሉ መዛወር ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በሻጭነት ይፈርማሉ። በውጭ አገር ያለው ወንድም በውክልና የሚፈርም ከሆነ ውክልናው ይህን ቤት ለመሸጥ በግልጽ ሥልጣን የሚሰጥ መሆን አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ጉዳይን በጠቅላላው ለመምራት የተሰጠ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አያበቃም።

ውሉን በተመለከተ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። በሽማግሌዎችና በእማኞች ፊት ብቻ የሚደረገው የመንደር ውል በመተማመን ላይ የቆመ ነው፤ ነገር ግን ክርክር በመጣ ጊዜ ገንዘብዎን ለማስመለስ እንኳ ዓመታት ሊወስድብዎ ይችላል። ደላላው ለማቻኮል ሲል «ቀብድ ጣልና ሌላው በኋላ ይደርሳል» ቢልዎ እሺ አይበሉ። ቀብድ የከፈለ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፤ ሆኖም ከአራት ወራሾች አንዱ ብቻ የተቀበለውን ቀብድ እጥፍ ማን ከማን ያስከፍላል?

ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ። የሻጮቹ እናት በሕይወት አሉን? ቤቱ የተሠራው በጋብቻ ውስጥ ነውን? ቤቱ በዕዳ ወይም በፍርድ ቤት እግድ አለመያዙን ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አረጋግጠዋልን?

አንድ ነገር ልጨምር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ፣ ማለትም የሊዝ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ የተላለፈለት ሰው በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ቦታውን ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ፣ እንዲይዘው ይደነግጋል። ስለዚህ የሽያጩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በስም ዝውውሩ ጊዜና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚከፈለውን በጽሕፈት ቤቱ አስልተው ይያዙ፤ ግብሩንና የቴምብር ቀረጡን ማን እንደሚከፍልም በውሉ ይጻፍ።

ሒሳብ ሠራተኛ

የሁላችሁንም ምክር አከብራለሁ፤ እኔ ግን መግዛቱን አልደግፍም። መምህር እንደገለጹት ገንዘባቸው ዋጋውን እንጂ ጥገናውን አይሸፍንም። የቤት ጥገና ሲጀመር ከተገመተው በላይ የማይወጣበት ጊዜ እምብዛም ነው፤ ምክንያቱም ግድግዳው እስኪፈርስ ድረስ በውስጡ ያለው አይታወቅም። ሲሚንቶና ብረትም ዛሬ የተጠየቀበት ዋጋ ከወር በኋላ አይገኝም። ዕዳ ተሸክሞ ግማሽ በፈረሰ ቤት ውስጥ ክረምት መግባት ከኪራይ የባሰ መከራ ነው። በክልላችን የመንግሥት ሠራተኞች በመኖሪያ ቤት ማኅበር ተደራጅተው ቦታ የሚያገኙበት መንገድ አለ፤ መምህሩና ባለቤታቸው ያንን ቢከተሉ ይሻላል እላለሁ።

ከዚህም በላይ ከተማችን በኮሪደር ልማት ላይ ናት። በርካታ አሮጌ ቤቶች በመንገድ ማስፋፊያ ተነሥተዋል። ሻጩ ይህን ዐውቀው እየሸጡ ከሆነ ርካሽነቱ በዚሁ ምክንያት ሊሆን አይችልምን?

እናት ከአራዳ

ልጄ ሒሳብ ሠራተኛው የሰጠኸው ማስጠንቀቂያ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በማኅበር ቦታ መጠበቅ ልጆቹ አድገው እስኪወጡ ድረስ የሚያቆይ ሊሆን ይችላል። እኔና ባለቤቴ እንዲህ ያለውን ቤት ገዝተን ቀስ በቀስ ያቀናን ሰዎች ነን፤ አሁንም በዚያው እንኖራለን። በጥገና ጊዜ ሰው የማያስበውን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። በከተማችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጭቃ ለማቡካት፣ ሲሚንቶ ለማዋሐድ፣ የተለሰነውን ለማጠጣት ብዙ ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃ ባልመጣበት ሳምንት ሠራተኛው ቆሞ ይውላል ወይም በቦቴ ይገዛል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሮቶ አስቀምጦ በመጣ ጊዜ መሙላት ያስፈልጋል። ከጎረቤት ጋር የጋራ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ገና ከመግዛታችሁ በፊት ከጎረቤቱ ጋር ተነጋገሩ፤ በግንባታ ወር የሚመጣው የውሃ ሒሳብ ጥሩ ጉርብትናን ያሻክራል።

ሁለተኛው መጸዳጃው ነው። መምህር በጽሑፋቸው ስለ መጸዳጃው አንድም ቃል አላሉም። ጉድጓዱ የት ነው? ሞልቷልን? ወደ ጎረቤት ይፈሳልን? አሮጊት እናት ይዛችሁ በሌሊት፣ በዝናብ፣ ግቢ አቋርጠው የሚሄዱበት መጸዳጃ ከሆነ ከጣሪያውም ከግድግዳውም በፊት ሊታሰብበት የሚገባው እርሱ ነው።

ስለ ጊዜው ደግሞ፣ ጥቅምት ላይ ጀምሩ። ከሰኔ በፊት ጣሪያው መከደን አለበት። የተረፈውን የውስጥ ሥራ እየኖራችሁበት ልትጨርሱት ትችላላችሁ፤ እኛም ወለሉን ያስነጠፍነው ከገባን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ቅርስ ጠባቂ

ይህን ውይይት ሳነብ ደስ አለኝ፤ ብዙ ጊዜ በአሮጌ ቤት ላይ የሚሰጠው ምክር «አፍርሰህ በብሎኬት ሥራ» የሚል ብቻ ነውና። መምህር፣ የፊተኛውን ክፍል የድንጋይ ግንብ እንዳያፈርሱት እለምናለሁ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ጣሪያው ካላፈሰሰና ሥሩ ከደረቀ ዕድሜው ረጅም ነው። የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ በቅን ልቦና የሚደረግ ጥገና ነው፤ እርጥበት የያዘውን ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስኑታል፣ ሲሚንቶው እርጥበቱን ወደ ውጭ ስለማያስተነፍስ ውሃው ከውስጥ ተከማችቶ ጭቃውን ያሟሟል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ በሰሌዳ በሰሌዳ ይወድቃል። በጤፍ ጭድ ደኅና ተደርጎ የቦካ ጭቃ፣ በላዩም ኖራ ቢቀባ ለእንዲህ ያለው ግድግዳ ይስማማዋል። የፋሲል ግቢ ግንቦች በድንጋይና በኖራ ተሠርተው ከ1600ዎቹ ጀምሮ መቆማቸውን በየቀኑ እያየን በኖራ አለመተማመናችን ያሳዝነኛል።

ስለ ቦታው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ቅርስ የነገሥታቱን ግንቦች ብቻ የያዘ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋምም በውስጡ ይገኛሉ። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ምን ያህል ይርቃል? በቅርሱ ዙሪያ በተከለለው ቦታ ውስጥ ከሆነ ፎቅ መጨመር ወይም የቤቱን መልክ መለወጥ ሊከለከል ይችላል። ልጆች ሲያድጉ ወደ ላይ እሠራለሁ የሚል ሐሳብ ካለዎት ከመግዛትዎ በፊት በከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ምላሹን በጽሑፍ ይውሰዱ። የግንባታ ወይም የጥገና ፈቃድም ከከተማው አስተዳደር ማውጣት ያስፈልጋል፤ ትንሽ እድሳት ነው ብሎ ያለ ፈቃድ የጀመረ ሰው ሥራው መካከል ላይ ሊቆምበት ይችላል።

የማራኪው መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ይዤ ያገኘሁትን ላቅርብ።

ከኮሪደር ልማቱ ጋር በተያያዘ፣ የይዞታውን መለያ ይዤ ከከተማው የፕላን ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ነበር። ይዞታው በመንገድ ማስፋፊያ ውስጥ አለመሆኑን በፕላኑ ላይ አሳይተውኛል፤ በጽሑፍ እንዲሰጡኝም ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ከቅርሱ ክልል አንጻር ግን ፎቅ እንደማይፈቀድ ነግረውኛል። እኛም ከምድር ቤት ያለፈ አሳብ ስለሌለን ይህ አያግደንም።

ግንበኛው እንዳሉት አንድ በሙያው የታወቀ ሰው ይዤ ሄድሁ። የፊተኛው ክፍል መሠረት በዓለት ላይ ያረፈ ነው፤ ግድግዳውም በቱምቢ ሲለካ ቀጥ ያለ ሆኖ ተገኘ። የኋለኛው ክፍል ግን ሌላ ነው። ሲቀጠል ከድንጋዩ ግንብ ጋር አልተያያዘም፤ መሠረት የሚባልም የለውም፤ ቋሚዎቹ በተደለደለ አፈር ውስጥ ተቀብረዋል። ምስማሩን በአንዱ ቋሚ ላይ ስንወጋ እስከ ራሱ ድረስ ገባ፤ ስናወጣው ከጫፉ ጋር እርጥብ ዱቄት የመሰለ እንጨት ተከትሎ ወጣ። ባለሙያው ስንጥቁ የተፈጠረው የኋለኛው ክፍል ከፊተኛው እየተላቀቀ ስለሚሄድ መሆኑን አስረዱኝ። መጸዳጃው በግቢው ጥግ ያለ ጉድጓድ ነው፤ ሊሞላ ተቃርቧል።

ዋናው ጉዳይ ግን የተገኘው በወረቀቱ በኩል ነው። የሕግ ባለሙያው እናታቸው በሕይወት አሉን ብለው ስለ ጠየቁ ጥያቄውን ለሻጩ አቀረብሁ። እናታቸው ከአባታቸው በኋላ ዐርፈዋል። ቤቱም የተሠራው በጋብቻቸው ውስጥ ነው። በጨዋታ መካከል ከኋለኛው ክፍል የምትኖረው እህት እናታቸው ከዚህ ጋብቻ በፊት የወለዷት አንዲት ታላቅ ልጅ በቆላድባ እንዳለች ነገረችኝ። ሻጩ ስለዚህች ሴት አንሥተውልኝ አያውቁም ነበር። ስጠይቃቸውም «እርሷ የአባታችን ልጅ አይደለችም፤ በቤቱ ላይ መብት የላትም» ብለው መለሱልኝ። ይህ እውነት ነውን?

የሕግ ባለሙያ

እውነት አይደለም። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተሠራ የጋራ ሀብት ከሆነ ግማሹ የእናትየው ነበር። በሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ወላጃቸውን በእኩል ድርሻ ይወርሳሉ፤ የመጀመሪያ ጋብቻ ልጅ ወይም የሁለተኛ ጋብቻ ልጅ በሚል ልዩነት የለም። ስለዚህ የአባትየው ግማሽ ለአራቱ ልጆቻቸው፣ የእናትየው ግማሽ ደግሞ ለአምስቱ ልጆቻቸው ይከፈላል። የቆላድባዋ እህት ከቤቱ አንድ አሥረኛ አላት ማለት ነው፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ከአርባው ዘጠኝ እጅ ይኖራቸዋል።

የእርሷ ስም ሳይጠቀስ የወጣ የወራሽነት ማስረጃ ቢቀርብልዎ እንኳ አይመኑበት፤ ቀርባ ልትቃወመው ትችላለች። ርካሽነቱ ከግድግዳው ብቻ የመጣ ላይሆን እንደሚችል እዚህ ላይ ያስተውሉ፤ የውርስ ክርክር የሚያንዣብብበትን ቤት ቶሎ ሸጦ ገንዘቡን መከፋፈል የሚሹ ወገኖች ብዙ ናቸው። ሆኖም ነገሩ የሚፈታ ነው። አምስቱም ወራሾች ፍርድ ቤት ቀርበው ማስረጃውን ያውጡ፤ አምስቱም በሻጭነት ይፈርሙ፤ ክፍያውም ለአንዱ ተሰጥቶ እርሱ ያካፍል ከመባል ይልቅ ለእያንዳንዱ በድርሻው በባንክ ይግባ። የማይስማሙ ከሆነ ቤቱን ይተዉት።

ደግሞም በቤቱ የምትኖረው እህት የምትለቅበት ቀን በውሉ ይወሰን፤ የመጨረሻው ክፍያም ቤቱን ባዶውን ከተረከቡ በኋላ ይሁን።

እናት ከአራዳ

በሕጉ ላይ የምጨምረው የለኝም። ነገር ግን መምህር፣ ያችን በቤቱ የምትኖረውን እህት ለብቻዋ አነጋግራችኋታልን? ከሽያጩ የምታገኘው ድርሻ ሌላ መጠለያ የሚያስገኝላት ካልሆነ፣ በወንድሞቿ ግፊት ብትፈርምም ልብዋ ሳይወድ ነው። ሰውን አስለቅሶ የገቡበት ቤት አያሳድርም። የቆላድባዋም እህት ሽማግሌ ተልኮላት በክብር ትጠራ፤ ወረቀት ይዘው ፈርሚ ከሚሏት ይልቅ ድርሻዋ ስንት እንደሆነ ተነግሯት ብትፈርም ለሁላችሁም ሰላም ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ አስተያየቴን በከፊል እለውጣለሁ። የፊተኛው ክፍል ጤነኛ ከሆነና መሬቱ ዓለት ከሆነ፣ የሚገዙት አንድ ክፍል ያለው 160 ካሬ ሜትር ይዞታ ነው ብለው ያስቡ። የኋለኛው ክፍል ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም የማፍረሻ ወጪ አለው። በዚህ መሠረት ይደራደሩ። የድርድሩ ወረቀት ላይም የአሸንዳውን፣ የቆርቆሮውን፣ የመጸዳጃውንና የቦዩን ወጪ በባለሙያው ግምት ዘርዝረው ያቅርቡ። ሻጭ «ብዙ ነው፣ ቀንስ» ከሚባል ይልቅ ዝርዝር ሲያይ ይቀበላል። ግን አሁንም እላለሁ፤ ለጥገናው ከተገመተው በላይ ሲሶ ያህል መጠባበቂያ ከሌለዎት አይጀምሩት።

የማራኪው መምህር

የደረስንበትን ልንገራችሁ። ታናሽ እህታቸውን ባለቤቴ ለብቻዋ አነጋግራታለች። ለመሸጥ ፈቃደኛ ናት፤ አዘዞ ከሚኖሩ ዘመዶቿ አጠገብ ለመኖር አስባለች፤ የጠየቀችው እስከ ትምህርት ቤት መዝጊያ ድረስ እንድትቆይ ብቻ ነው፤ ይህንንም ተቀብለናል። ሻጩ በመጀመሪያ ስለ ቆላድባዋ እህት ሲነሣ ተቆጥተው ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገብተው የሕግ ባለሙያው ያሰሉትን ድርሻ ካስረዷቸው በኋላ ግን ወደ ቆላድባ ሰው ልከዋል። ዋጋው በዝርዝሩ መሠረት ወደ 1.5 ሚሊዮን ብር ወርዷል። አምስቱም ወራሾች ከፍርድ ቤት ማስረጃ እስኪያወጡና የውጭ አገሩ ወንድም ውክልና እስኪደርስ ድረስ ቀብድ አልከፍልም፤ ይህን ለደላላውም ነግሬዋለሁ። ሌላ ገዥ አለ እያለ ቢያጣድፈኝም አልተናወጥሁም።

ይህ ከተሳካ የሚተርፈን ገንዘብ የሁሉንም ሥራ ወጪ አይሸፍንም። የኋለኛውን ክፍል አፍርሰን ለጊዜው በፊተኛው ክፍል ተጨናንቀን ለመኖር ተስማምተናል። ግንበኛው፣ ባለው ገንዘብ የትኛውን ሥራ ላስቀድም?

ግንበኛ ከአዘዞ

መምህር፣ ከጣሪያው በፊት ቦዩን ይሥሩ። ከቤቱ በስተላይ፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ቦይ ይቆፈርና ወደ ጎን ወደ መንገዱ ተዳፋት ይሰጠው፤ በድንጋይ ይደርደር። ውሃው ወደ ታችኛው ጎረቤት ግቢ እንዳይገባ አስቀድመው ከእርሱ ጋር ይነጋገሩ፤ የተስማማችሁበትንም በሽማግሌ ፊት በጽሑፍ አኑሩት። ይህ ሥራ በአብዛኛው ጉልበት ስለሆነ ከሁሉም ያነሰ ገንዘብ ይወስዳል።

የኋለኛውን ክፍል ሲያፈርሱ ከድንጋዩ ግንብ ጋር የሚገናኘውን ጫፍ በጥንቃቄ በእጅ ያስፈቱ እንጂ በአንድ ጊዜ እንዲናድ አይፍቀዱ፤ የፊተኛውን ማዕዘን ይዞት ሊወርድ ይችላል። ያልበሰበሱ ማገሮችና ሞራሌዎች ካሉ ለይተው በደረቅ ቦታ ያስቀምጧቸው። ከዚያ የፊተኛውን ክፍል ቆርቆሮ ይቀይሩ፤ አሸንዳ ይግጠሙለት፤ ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ በቱቦ ወደ ቦዩ ይግባ ወይም ወደ ሮቶ ይቀዳ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የክረምቱ ዝናብ ለልብስና ለጽዳት ትልቅ ጥቅም አለው። አዲሱን የመጸዳጃ ጉድጓድ ከጣሪያው ጋር በአንድ ጊዜ ያስቆፍሩ፤ ዓለት ስለሚያጋጥም ቆፋሪውን በሜትር እንጂ በቀን አይዋዋሉት።

ልስኑን በዚያ ዓመት አይንኩት። ግድግዳው አንድ ሙሉ በጋ ይድረቅ። የረገፈው ይጠረግና ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ ቢያስጠላም ይታገሡት። ከደረቀ በኋላ ቅርስ ጠባቂው እንዳሉት በጭቃና በኖራ ይለሰናል። የኋለኛውን ክፍል እንደገና የሚሠሩት ገንዘቡ ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜ መሠረቱን እስከ ዓለቱ አውርደው ከፊተኛው ግንብ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ከመለሰንዎ በፊት ይጥሩኝ፣ መጥቼ አየዋለሁ።

እናት ከአራዳ

ከመጸዳጃው እስከ በሩ ድረስ ለእናትዎ የሚያዝ እንጨት በግድግዳው ላይ ያስመቱ፤ መሬቱም በጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ። ቁልቁለት ላይ ያለ ግቢ በክረምት ያንሸራትታል።